ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ነው? ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ባሕር ዳርቻ፣ ለካይት ሰርፊንግ ጀማሪዎች የጥንቃቄ መመሪያ

«ዋና እምብዛም አልችልም። ግን ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ነው አሉኝ። ችግር አለው?»

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ካይት ሳበርር የሚያዩኝ ሰዎች ቆም ብለው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። አንዱ ለጫጉላ ጊዜው ዛንዚባር ሊሄድ ነው። ሌላዋ ለሥራ ግብፅ ሄዳ ሁለት ትርፍ ቀን ይኖራታል። ሁሉም ጥልቀት የሌለው ውሃ አያሰጋም ብለው ነው የሚነሡት። ለጀማሪ በእግር መቆም መቻል ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ጉልበት የማይሞላ ውሃ ስትወድቁ አይቀበላችሁም። ከሥሩ ያለው አሸዋ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ኮራል የሚባለው ስለታም የባሕር ድንጋይ። ካይቱም እናንተ ስለወደቃችሁ ብቻ መጎተቱን አያቆምም።

መልሴን በቅደም ተከተል ጻፍኩት። ግማሹን እዚሁ አዲስ አበባ ዳር ትሠሩታላችሁ፣ ግማሹን ባሕሩ ጋ። አሰልጣኝን አይተካም። አሰልጣኙ ጋ ስትደርሱ ግን እጃችሁ የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ካይት ሰርፊንግ ማለት በንፋስ በሚነፋ ትልቅ ሸራ እየተጎተቱ በቦርድ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው። ሸራው ካይት ይባላል። ከ20 እስከ 24 ሜትር በሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች ባር ከሚባለው መያዣ ጋር ይያያዛል። ባሩ ደግሞ ወገብ ላይ ከሚታሰረው ሃርነስ ጋር ይገናኛል። ጉተታው በክንዳችሁ ሳይሆን በወገባችሁ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ለዚህም ነው ባሩን ስለለቀቃችሁ ብቻ ከካይቱ የማትላቀቁት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሱሉልታው ልምምድ፦

- 2 ወይም 3 ካሬ ሜትር የሆነ የመለማመጃ ካይት። ስትለቁት ኃይሉን የሚያጠፋ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ያለው ይሁን።
- ሄልሜት። ለሜዳው የብስክሌቱ ይበቃል።
- የእጅ ጓንት፣ ድፍን ጫማ፣ የፀሐይ መነጽር።
- አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን እንጨትና ጫፉ ላይ የሚታሰር ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ። የንፋሱን አቅጣጫ የምታዩት በእሱ ነው።
- አንድ ጓደኛ። ብቻችሁን አትውጡ።

ለባሕሩ፦

- የውሃ ስፖርት ሄልሜት። የብስክሌቱ ለዚህ አይሆንም።
- ደረትና ጎንን ከምት የሚከላከል፣ የሚንሳፈፍ ሰደርያ።
- ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ።
- ገመድ መቁረጫ ቢላ። ሃርነሱ ላይ፣ በሁለቱም እጅ የሚደረስበት ቦታ ይታሰር።
- ፊሽካ።
- እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስና የፀሐይ ክሬም።
- የምትሄዱበት ቦታ የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ።

ካይቱን፣ ባሩን፣ ሃርነሱንና ቦርዱን ትምህርት ቤቱ ያከራያችኋል። ጫማውንና ሄልሜቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። የራሳችሁ ልክ ሲሆን ነው የሚጠቅመው።

ክፍል አንድ፦ ከመሄዳችሁ በፊት፣ እዚሁ

1. ዋና ተማሩ

የጥያቄው መልስ እዚህ ነው። አዎ፣ ችግር አለው።

ትንሹ ልክ ይህ ነው፦ ሳታርፉ 200 ሜትር መዋኘት፣ እና ምንም ሳትይዙ 10 ደቂቃ በጀርባ መንሳፈፍ። ለምን? ካይቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከቆማችሁበት አርቆ ይወስዳችኋል። ውሃው ጉልበት ድረስ የነበረው እናንተ የገባችሁበት ቦታ ላይ ነው። 100 ሜትር አልፎ ምን እንዳለ አታውቁም። ጥልቀቱም በሰዓታት ውስጥ ይቀየራል፤ ይህን ተራ ቁጥር 7 ላይ እመለስበታለሁ።

በገንዳ ስትለማመዱ አንድ ነገር ጨምሩ። አሰልጣኝ አጠገባችሁ ቆሞ፣ ሰደርያውን ለብሳችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ገልበጥ በሉና ራሳችሁን ወደ ላይ መልሱ። ስትወድቁ የሚያስደነግጠው የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ አለማወቅ ነው። ከቻላችሁ አንድ ቀን ላንጋኖ ውረዱ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ወለሉ አይታይም። ወለሉ በማይታይ ውሃ ውስጥ መረጋጋትን ገንዳ አያስተምርም።

2. ሜዳ ምረጡ

ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ጥሩ ነው፤ ሰፊና ገላጣ ነው። በክረምት ግን ውሃ ስለሚተኛበት ረግረግ ይሆናል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ሣሩ ለድርቆሽ የሚታጨድ የገበሬው ሀብት ነው። ረግጣችሁ አታበላሹበት። ታጭዶ ድርቆሹ ከተነሣ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ የሜዳውን ባለቤት አስፈቅዳችሁ ግቡ። እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

ቦታውን ስትመርጡ ጀርባችሁን ለንፋሱ ስጡና ፊት ለፊታችሁን ተመልከቱ። ቢያንስ 100 ሜትር ባዶ መሆን አለበት። አጥር፣ ባሕር ዛፍ፣ ጉድጓድ፣ ከብት፣ ሕፃናት፣ መንገድ አይኑር። ካይት የሚጎትታችሁ ንፋሱ ወደሚሄድበት ነውና ከኋላችሁ ያለው ዛፍ ሳይሆን ከፊታችሁ ያለው ነው አደጋው።

የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ሜዳ በፍጹም አታብርሩ። ርቀቱን በዓይን ገምታችሁ «ይበቃል» አትበሉ። ያመለጠ ካይት መቶ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሽቦ ላይ ከተጠመጠመ ገመዱን አትንኩ፣ አትጎትቱ፤ ሰውም አታስጠጉ። ራቁና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውሉ። ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ የሆነ ሜዳም አይሆንም።

3. ንፋሱን አንብቡ

መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። የባሕር ዛፉ ቅጠልና ቀጫጭን ጭራሮ ያለማቋረጥ ከተንቀሳቀሰ ንፋሱ ከ7 እስከ 10 ኖት ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ለመለማመጃ ካይት ይህ ልክ ነው። አቧራ ተነሥቶ ፌስታል መብረር ከጀመረ ከ11 ኖት አልፏል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያኔ ጠቅልላችሁ ግቡ።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? የንፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በካሬው ነው የሚያድገው። ከ10 ኖት ወደ 14 ኖት ሲጨምር ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የካይቱ ጉተታ ግን እጥፍ ይሆናል። ከ10 ወደ 20 ከሄደ አራት እጥፍ ነው።

በበጋ፣ በተለይ ከጥር በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ አቧራ እያሽከረከረ የሚመጣ አውሎ አለ። ከሩቅ ይታያል። ወደ እናንተ ሲመጣ ካያችሁ «እስኪያልፍ ልያዘው» አትበሉ። ወዲያው ካይቱን አውርዱ። ነጎድጓድ ከሰማችሁም እንዲሁ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ አትመለሱ።

4. የንፋስ መስኮቱን እወቁ

ጀርባችሁን ለንፋሱ ሰጥታችሁ ቁሙ። ካይቱ የሚበርበት ከፊታችሁ ያለው ሰማይ የንፋስ መስኮት ይባላል። እንደ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት የላይኛው ግማሽ አስቡት። በቀኝ ጥግ 3 ቁጥር፣ ልክ ከአናታችሁ በላይ 12፣ በግራ ጥግ 9 አለ። ካይቱ በእነዚህ ጠርዞች ላይ ሲሆን ጉተታው ትንሽ ነው። ከፊታችሁ መሐል ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ደግሞ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል።

ልምምዱ ቀላል ነው። ካይቱን 12 ላይ ለአንድ ደቂቃ አቁሙት። ከዚያ ወደ 10፣ ወደ 2፣ ቀስ እያላችሁ። ከዚያ ካይቱን ሳታዩ። ዓይናችሁን ሜዳው ላይ አድርጋችሁ ካይቱ የት እንዳለ በእጃችሁ ስሜት ብቻ እወቁ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ባሕር ላይ ይገባችኋል። እዚያ ዓይናችሁ በውሃው፣ በሰው፣ በጀልባው ላይ መሆን አለበት።

አሁን አንድ የእኛ አገር ጉዳይ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ካይት፣ በዚያው የንፋስ ፍጥነት፣ ባሕር ዳር በሲሶ ገደማ በልጦ ይጎትታል። እዚህ «ይሄማ ለስላሳ ነው» ያላችሁት ካይት እዚያ ያስሮጣችኋል። በሱሉልታው ስሜታችሁ ተማምናችሁ ትልቅ ካይት አትምረጡ። ለአሰልጣኛችሁም ከደጋ እንደመጣችሁ ንገሩት።

5. መልቀቅን ልመዱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ያጠብቃል። ተፈጥሮ ነው። በካይት ግን ባሩን ወደ ራስ መሳብ ኃይል መጨመር ነው። ደንግጣችሁ ስትስቡ ይጎትታችኋል፤ ሲጎትታችሁ የበለጠ ትደነግጣላችሁ። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ቀድሞ የለመደ እጅ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ በመለማመጃው ካይት፦ ጓደኛችሁ በድንገት «ልቀቅ!» ወይም «ልቀቂ!» ይበል። ሳታስቡ ሁለቱንም እጅ ክፈቱ። ካይቱ በአንጓ ማሰሪያው ተይዞ ኃይሉን አጥቶ ይወርዳል። ይህን በአንድ ቀን 20 ጊዜ ሥሩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሥሩ።

ቀጥሎ በሃርነስና በትልቅ ባር፣ ካይት ሳይታሰር፣ ቤት ውስጥ። ከተበደራችሁ ወይም ከተከራያችሁ ይህን ሳሎን ውስጥ መሥራት ይቻላል። በባሩና በሃርነሱ መሐል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የሆነ፣ አሰልጣኞች ኩዊክ ሪሊዝ የሚሉት መልቀቂያ አለ። አንዳንዱ ወደ ፊት ይገፋል፣ አንዳንዱ ይጠመዘዛል። በቀኝ እጅ፣ በግራ እጅ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ጓደኛ እየጎተተ። በየአንዳንዱ 10 ጊዜ። ከዚያ መልሶ መግጠሙን። መልቀቂያውን የነካ እንጂ ስለ መልቀቂያው የሰማ እጅ አይፈታም።

ሦስቱ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው፤ በቃላችሁ ያዙ፦

- አንደኛ፦ ባሩን ልቀቁ። ካይቱ አብዛኛውን ኃይሉን ያጣል።
- ሁለተኛ፦ አሁንም ከጎተታችሁ መልቀቂያውን ግፉ። ካይቱ በአንድ ገመድ ብቻ ተይዞ ውሃ ላይ ይተኛል።
- ሦስተኛ፦ አሁንም ከጎተታችሁ፣ ወይም ካይታችሁ ከሌላ ሰው ጋር ከተጠላለፈ፣ ካይቱን ከሃርነሱ ጋር የሚያያይዘውን የደኅንነት ገመድ ፍቱ። ካይቱ ይሂድ።

ሦስተኛው ላይ ሰው ያመነታል፤ ካይቱ ውድ ነውና። ይሂድ።

ክፍል ሁለት፦ ባሕሩ ጋ

6. ወቅትና ትምህርት ቤት

ከአዲስ አበባ የሚሄዱ ሰዎች በብዛት የሚጠይቁኝ ስለ ፓጄ ነው፤ ዛንዚባር፣ ምሥራቃዊው ዳርቻ። ሁለት የንፋስ ወቅት አለው። ካስካዚ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ምሥራቅ ነው፤ የእኛን ክረምት ይገጥማል። የሱሉልታ ሜዳ ኅዳር ላይ ስለሚደርቅ እዚህ ተለማምዳችሁ ለካስካዚ መድረስ ትችላላችሁ።

አሰልጣኙ አይ ኬ ኦ የሚባለው ዓለም አቀፍ የካይት ድርጅት ወይም ተመሳሳይ ተቋም የሰጠው ማረጋገጫ ያለው ይሁን። ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ትይዛለህ? የነፍስ አድን ጀልባ አለ? ንፋሱ ስንት ኖት ሲደርስ ታቆማለህ? ሦስተኛውን የማይመልስ አሰልጣኝ ጋ ገንዘብ አትክፈሉ። የጉዞ ኢንሹራንሳችሁም ካይት ሰርፊንግን ይሸፍን እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ብዙዎቹ አይሸፍኑም።

7. ሙላቱንና ጉድለቱን ቁጠሩ

እኛ ባሕር የለንምና ይህ ለእኛ አዲስ ነው። ሐይቅ ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም አለ። ባሕር እንዲያ አይደለም። ዛንዚባር ላይ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል፤ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት አንገት የሚደርሰው ቦታ ከሰዓት በኋላ እርጥብ አሸዋ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ይህ ለምን ወሳኝ ሆነ? ስትገቡ ወገብ ድረስ የነበረ ውሃ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ጉልበት ሊወርድ ይችላል። ደግሞም ውሃው ሲጎድል ወደ ጥልቁ ይፈሳል፤ ይዟችሁ ይሄዳል። ለጀማሪ እየሞላ ያለ ውሃ ይሻላል።

ሰዓቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ። የዛንዚባር ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ነው፤ በስዋሂሊ የጠዋቱ አንድ ሰዓት የእኛው አንድ ሰዓት ነው። ሰንጠረዡ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይታተማል። 14:30 ካለ ከቀኑ 8፡30 ነው። ስድስት መቀነሱን የረሳ ሰው ሙላት ብሎ በጉድለት ይገባል። ሰንጠረዡን እንዳገኛችሁ በእኛ ሰዓት ገልብጣችሁ ጻፉት።

8. የንፋሱን አቅጣጫ ለዩ

ባሕሩን ፊት ለፊት እያያችሁ ቁሙ።

- ንፋሱ ከጎን ሆኖ ትንሽ ወደ የብስ ካዘነበለ፦ ጥሩ ነው። ቢጥላችሁም ወደ ዳር ይመልሳችኋል።
- ከባሕር ቀጥታ ወደ እናንተ ከመጣ፦ ለጀማሪ ይከብዳል። ከኋላችሁ ያለው ዛፍና ግንብ ላይ ይወረውራል።
- ከጀርባችሁ ወደ ባሕር ከነፈሰ፦ አትግቡ። ውሃው ዳር ላይ የተኛ፣ የተረጋጋ ይመስላል፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። አንድ ነገር ከተበላሸ የሚወስዳችሁ ወደ ጥልቁ ነው።

9. ጥልቀቱን በእግራችሁ ለኩ

ካይቱን ከማንሣታችሁ በፊት የምትለማመዱበትን ቦታ በጫማ ሂዱበት። በተለይ ንፋሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ፣ ቢያንስ 50 ሜትር። የምትፈልጉት ከወገብ እስከ ደረት የሚደርስ ውሃ፣ አሸዋ ወለል ያለው ነው።

ፓጄ ላይ ሴቶች በጥልቀት የለሹ ውሃ ውስጥ የባሕር አረም ያለማሉ። እርሻው ወለሉ ላይ የተተከሉ ችካሎችና የተወጠሩ ገመዶች አሉት። ውሃ ሲሞላ አይታዩም። ችካል ላይ የወደቀ ሰው ይጎዳል፤ ገመዱን የበጠሰ ሰው ደግሞ የሰው እንጀራ በጠሰ። ጉድለት ሲሆን ወርዳችሁ የት እንዳሉ እዩ።

ስትራመዱ እግራችሁን አታንሡ፤ ወለሉ ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ፣ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። ከላይ ከረገጣችሁት ይወጋል፤ ከጎን ከነካችሁት ግን ይሸሻል። የባሕር ጃርትም አለ፣ ጥቁር እሾሁ በቀጭን ጫማ ያልፋል።

አሁን ስለ አወዳደቅ። ለዚህ የከፈልኩት አለኝ። ፓጄ ላይ፣ ቅልጥም ድረስ በሚደርስ ውሃ፣ ከቦርዱ ሥር ያሉት ትንንሽ ክንፎች አሸዋ ያዙ። ቦርዱ ቆመ፣ እኔ ቀጠልኩ። እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ወደቅሁ፤ አንጓዬ ለስድስት ሳምንት ታሰረ። አሰልጣኙ ስለ አወዳደቅ የነገረኝ ያን ቀን ማታ ነው። እናንተ ቀድማችሁ እወቁት፦

- ውሃው ከጉልበት በታች ሲሆን መንሸራተት አቁሙ። ቦርዱን አውልቁና በእግር ተመለሱ። ክንፎቹ ወለሉን የሚይዙት እዚህ ነው።
- እየወደቃችሁ ከሆነ በጎን ወይም በመቀመጫ፣ ሰፋ ብላችሁ ውደቁ። በአንድ ነጥብ ሳይሆን በሰፊ አካል ያረፈ ምት ይከፋፈላል።
- አገጫችሁን ወደ ደረት ሰብስቡ። አንገት የሚሰበረው በጭንቅላት ወለል ሲመታ ነው።
- ክንድ አትዘርጉ። ጉልበት አታደንድኑ።
- በጭንቅላት አትጥለቁ። ሙቀት ቢኖርም፣ ውሃው ጥልቅ ቢመስልም።
- አትዝለሉ። ጀማሪ አይዘልም፤ የለመደም ቢሆን ወለሉን በማያውቀው ውሃ ላይ አይዘልም።

ካይቱ በውሃው ሲጎትታችሁ በሆድ ወይም በጎን ተኙ፤ እግራችሁን ወደ ኋላ ዘርጉ። እግር አውርዶ ለመቆም መሞከር ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። መጀመሪያ ካይቱን 12 ላይ አቁሙ፣ ከዚያ ቁሙ።

10. ካይቱን ስታነሡ

አደጋ የሚበዛው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ዳር ላይ ነው፤ ሰው፣ ግንብና ደረቅ መሬት ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ።

ገመዶቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናችሁ ተከተሉ። የተሻገረ ገመድ ካይቱን እንደተነሣ ያሽከረክረዋል፣ ማንም አያቆመውም። ቋጠሮ ካለ ፍቱ። የባሩ ቀይ ጎን በግራ እጃችሁ ነው። መልቀቂያውን አንዴ ሞክሩትና መልሱ። በውስጡ አሸዋ ከገባ ስለሚደርቅ በውሃ እጠቡት።

ካይቱን የሚይዝላችሁ ሰው የሚያውቅ ይሁን። መንገደኛ ቱሪስት አትለምኑ። ሁለታችሁም አውራ ጣት ካሳያችሁ በኋላ ብቻ ይልቀቅ። ካይቱን ውሃው ባለበት በኩል አንሡት፣ ቢስት ውሃ ላይ እንዲወድቅ። ከተነሣ በኋላ ዳር ላይ 12 ላይ አቁማችሁ ወሬ አትያዙ። ድንገተኛ ንፋስ ወደ ላይ ያነሣችኋል። ወደ ውሃው በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ቶሎ ግቡ።

በተወጠሩ ገመዶች መሐል ሰው አይለፍ፣ እናንተም አትለፉ። የተወጠረ ገመድ እንደ ስለት ይቆርጣል። ጣታችሁ ላይ ወይም እጃችሁ ላይ በፍጹም አትጠምጥሙት።

11. ከሌሎች ጋር

ዋናተኛ ሁልጊዜ ቅድሚያ አለው። ከዳር የሚወጣ ከሚመለሰው ይቀድማል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲመጡ ቀኝ እጁ ወደ ፊት የሆነው መንገዱን ይይዛል፤ ሌላው ይሸሻል። ስትተላለፉ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ካይቱን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያደርጋል። ይህ ካልሆነ ገመዶች ይቆላለፋሉ።

ለማውረድ እርዳታ ስትፈልጉ አናታችሁን በእጃችሁ መታ መታ አድርጉ። በየትኛውም አገር ይገባል።

12. ካይቱ ወድቆ አልነሣም ሲል

መልቀቂያውን ግፉ። ከዚያ የደኅንነት ገመዱን ብቻ መጀመሪያ ባሩ ላይ ጠምጥሙ፣ ጥቂት ሜትር ያህል። ይህ ካይቱ ኃይል እንዳያገኝ ያደርጋል። ቀጥሎ ሁሉንም ገመዶች አንድ ላይ እየጠመጠማችሁ ወደ ካይቱ ሂዱ። ስትደርሱ ገመዶቹ እንዳይፈቱ ባሩ ጫፍ ላይ እሰሯቸው። ጥልቅ ውሃ ላይ ከሆናችሁ ካይቱ ራሱ ተንሳፋፊ ነው፤ ይዛችሁት ቆዩ። ዋናውን የአየር ቱቦ አታስተንፍሱ።

ውሃው ወገብ ድረስ ነው ብላችሁ ገመዱን በባዶ እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ። ካይቱ አንድ ጊዜ ንፋስ ከያዘ ገመዱ እጃችሁን ይቆርጣል። ይህን ማድረግ የሚያምራችሁ ቆማችሁ ስለሆነ ነው። ጥልቀት የለሽ ውሃ እንዲህ ያዘናጋል።

ቢወጋችሁ

ስቲንግሬይ ወይም ድንጋይ የሚመስለው መርዛማ ዓሣ ከወጋችሁ እግራችሁን 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት። ሙቀቱ መርዙን ያዳክማል፣ ሕመሙንም ያስታግሳል። ውሃውን አስቀድማችሁ ባልተወጋው እግር ወይም በሌላ ሰው እጅ ለኩ፤ የታመመ እግር መቃጠሉን አይለይም። ከዚያ ወደ ሕክምና ሂዱ። የባሕር ጃርት እሾህን በመርፌ ቆፍራችሁ አትሰብሩት፤ ጥልቅ ከሆነ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ሐኪም ያውጣው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ሃርነስ ሳይሞክሩ መሄድ። የሰፋ ሃርነስ ሲጎትት ወደ ደረት ይወጣል፣ መልቀቂያው የለመዳችሁት ቦታ አይገኝም።
- የመቁረጫውን ቢላ ቦርሳ ውስጥ መተው።
- «ሌሎቹ ገብተዋል» ብሎ መግባት። እነሱ የያዙት ካይት ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደለመዱ አታውቁም።
- ቦርዱ ሲያመልጥ እሱን ማሳደድ። መጀመሪያ ካይቱን ተቆጣጠሩ። ቦርድ ራሱ ወደ ዳር ይመጣል።
- ቦርዱን በገመድ ከራስ ጋር ማሰር። ስትወድቁ ገመዱ ይለጠጥና ቦርዱን ወደ ጭንቅላታችሁ ይመልሰዋል።
- ውሃ አለመጠጣት። እኛ ብርድ የለመድን ነን፤ የባሕሩ ንፋስ ላቡን ስለሚያደርቀው ሙቀቱ አይታወቅም። በየግማሽ ሰዓቱ ወጥታችሁ ጠጡ።
- «አንድ ዙር ብቻ ልጨምር» ማለት። ክንዳችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም ባሩን ሳታስቡት መሳብ ከጀመራችሁ የዚያ ቀን ልምምድ አልቋል። አናታችሁን መታ መታ አድርጉና ካይቱን ይያዙላችሁ።